ግሥ የሌለው ሲቪ

ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው አንድ የማይለቀው አመል አለው፤ ያገኘውን ወረቀት ሁሉ ያነባል። ቆሎ የተጠቀለለበትን፣ መድኃኒት ማሸጊያው ውስጥ ተጣጥፎ የሚገኘውን፣ የመብራት እንጨት ላይ የተለጠፈውን “የሚከራይ ቤት” ሳይቀር። ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ የደረስኩበትን ልንገራችሁ፤ በዚህች አዲስ አበባ በብዛት የሚጻፈው ዝርው ጽሑፍ ልብ ወለድ አይደለም፣ የጋዜጣ መጣጥፍም አይደለም፤ ሲቪ ነው። በየኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ ሲታተም ይውላል። ደራሲው ብዙ፣ አንባቢው ጥቂት፣ ሐያሲው ግን ምንም የሌለው ጽሑፍ ቢኖር እሱ ነው። ያለ ሐያሲ ያደገ ጽሑፍ ደግሞ ተቆጪ እንዳጣ ልጅ ነው፤ እንዳሻው ይሆናል። እናማ ዛሬ ሲቪን እንደ አንድ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ቆጥረን ትንሽ ብንወቅሰው ምን ይለናል?

ነገሩን ያነሣብኝ ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ነው። ለሁለት ክፍት የሥራ ቦታ ሰው ሲፈልግ ማመልከቻ ከሚያጣሩት ሰዎች ጋር እንድቀመጥ ጋበዘኝ። ጠረጴዛው ላይ ስልሳ ያህል ሲቪ ተከመረ። አሥረኛው ላይ ስደርስ ያነበብኩትን የደገምኩ መሰለኝ። ሃያኛው ላይ ስደርስ እርግጠኛ ሆንኩ። ምን አለፋችሁ፣ ስልሳው ሰው አንድ ሰው ነው! ሁሉም ታታሪ ነው፤ ሁሉም በቡድን መሥራት ይችላል፤ ሁሉም የሥራ ጫና ይቋቋማል። ሁሉም ለለውጥ ዝግጁ በሆነ ድርጅት ውስጥ ዕውቀቱንና ክህሎቱን ተጠቅሞ ለድርጅቱ ዕድገት የበኩሉን አስተዋጽኦ ማበርከት ይፈልጋል። ሁሉም ትርፍ ጊዜውን መጽሐፍ በማንበብ ያሳልፋል (ይህን ያህል አንባቢ ካለን መጽሐፍ አዟሪዎቹ ለምን ፀሐይ እንደሚመታቸው አይገባኝም)። አማርኛ እጅግ በጣም ጥሩ፣ እንግሊዝኛ በጣም ጥሩ። ጤንነት ሙሉ ጤነኛ።

በልብ ወለድ ንድፈ ሐሳብ ጠፍጣፋ ገጸ ባሕርይ የምንለው አለ፤ አንድ ወይም ሁለት ጠባይ ተለጥፎለት ከመጀመሪያ ገጽ እስከ መጨረሻው እንዳለ የሚዘልቅ። ጠፍጣፋ ገጸ ባሕርይ ለአጃቢነት አይከፋም። ዋናው ባለታሪክ ጠፍጣፋ ከሆነ ግን ድርሰቱ ሞቷል። የሲቪው ዋና ባለታሪክ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ደግሜ ሳነብ አንድ ነገር ታየኝ፤ ሲቪዎቹ ውስጥ ግሥ የለም። ስም ሞልቷል፤ የዩኒቨርሲቲው ስም፣ የዲግሪው ስም፣ የድርጅቱ ስም፣ የሥራ መደቡ ስም። ቅጽል ደግሞ ከሚበቃው በላይ ነው፤ ታማኝ፣ ታታሪ፣ ተግባቢ። ግሥ ግን ፈልጋችሁ አታገኙም። ይህ ሰው ምን አደረገ? ምን ጠገነ? ለማን ሸጠ? ከማን ጋር ተጣልቶ እንዴት ታረቀ? በአማርኛችን ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እስኪመጣ ድረስ ሰሚው አፍ አፍ እያየ ይጠብቃል። “ወንድምህ ትናንት ማታ መርካቶ ውስጥ…” ብዬ ዝም ብላችሁ ልባችሁ ይቆማል። የእኛ ሲቪ እንግዲህ “በ2009 ዓ.ም. በሒሳብ ሠራተኝነት…” ብሎ ዝም የሚል ሰው ነው። ቀጣሪውም እስኪጨርስ አይጠብቀውም፤ ቀጣዩን ያነሣል።

አንዱ ጥፋት የጽሕፈት ቤቶቹ ነው። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ አራት ኪሎን የሚያውቅ ሰው አይረሳውም፤ ጋዜጣ በኪራይ እየተነበበ፣ ሥራ ፈላጊው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተደርድሮ የክፍት ቦታ ማስታወቂያ ሲገለብጥ ይውል ነበር። እዚያው አቅራቢያ ደግሞ “ሲቪ እንጽፋለን” የሚል ቤት ነበር። ጸሐፊዋ አንድ የተዘጋጀ ቅጽ አላት፤ የቀድሞውን ሰው ስም ታጠፋለች፣ ያንተን ታስገባለች፣ አለቀ። አንዳንዴ ማጥፋቱን ስለምትረሳው ሴትዮዋ “ፆታ ወንድ” ሆና ትቀርባለች። አሁን ዘመኑ ተሻሽሎ ቅጹ ከኢንተርኔት ይወርዳል፤ ሲብስም ኮምፒዩተሩ ራሱ ይደርስልሃል። የሚወጣው ግን ያው ነው፤ እንዲያውም ቅጽሉ በዛ።

ጸሐፊዋን ብቻ መክሰስ ግን ግፍ ነው። እሷ ባዶውን የምትሞላው ባለጉዳዩ ስለራሱ የሚላት ስለሌለው ነው። “ምን ትችላለህ?” ብትለው “እንደሌላው አርጊልኝ” ነው የሚላት። እዚህ ጋ ነው ነገሩ ከጽሕፈት ስህተት ወደ ማኅበረሰብ ጉዳይ የሚሻገረው።

መቼም እኛ ዘንድ ራስን ማመስገን ነውር ነው። ሰው ስለራሱ እንዲመሰክር አልተፈቀደለትም፤ የሚመሰክርለት ሌላ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ተመልከቱ። የድጓ ሊቅ ለመባል ቤተልሔም መውረድ፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ መድረስ ያስፈልግ ነበር። ቃሉም “ማስመስከር” ነው። “ድጓ አውቃለሁ” አይባልም፤ ድጓ ይባላል፣ አዋቂው ይሰማል፣ አዋቂው ይመሰክራል። የቅኔ ተማሪ ደግሞ ገና ሲጀምር የሚለፋው በግሥ ነው፤ ኋላም ቆጥሮ ያደረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያቀናለታል። ተማሪው ስለችሎታው አንድ ቃል ሳይናገር ችሎታው በየቀኑ ይታያል።

“ፉከራስ?” የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ልክ ነው፤ በፉከራ ሰው ስለራሱ ይናገራል፣ ያውም ጮክ ብሎ። ነገር ግን ፎካሪው “እኔ ታታሪና ጫና የምቋቋም ነኝ” አይልም። የት ቦታ፣ ማንን፣ በምን እንደጣለ ይናገራል። ግዳዩንም ጌታው ፊት ያቀርባል። አብረውት የዘመቱት እዚያው ቆመው ስለሚሰሙት ቢዋሽ መሳቂያ ነው። ፉከራ ግሥና ምስክር ያለው ሲቪ ነበር ማለት ነው። የዛሬው ሲቪ ከፉከራ ድንፋታውን ወስዶ ግዳዩን ጣለው፤ ከማስመስከር ደግሞ ዝምታውን ወስዶ ምስክሩን ጣለው። ከሁለቱም የከፋውን መርጦ ተወለደ።

ስለ ሰው ችሎታ በነፃነት የምንናገርበት አንድ ቦታ ቢኖር ቀብር ላይ ነው። የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሰምታችኋል። እሱም የራሱ ቅጽ አለው፤ “ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት” ብሎ ይጀምርና “ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ” ብሎ ይቀጥላል፤ “ባደረባቸው ሕመም በሀገር ውስጥና በውጭ ሀገር ሕክምና ሲረዱ ቆይተው” ላይ ሲደርስ ሁሉም አንገቱን ይደፋል። ነገር ግን መሐል ላይ አንዳንዴ እውነተኛ ግሥ ብቅ ይላል። የተጣላ ያስታርቁ ነበር። የእድሩን መዝገብ ሃያ ዓመት አንድ ሳንቲም ሳያጎድሉ ይዘዋል። የሰፈሩን ልጆች በነፃ ያስጠኑ ነበር። ከጎኔ የቆመው ሰው “እንዴ፣ ይኼን ሁሉ ይችሉ ኖሯል እንዴ!” ሲል ሰምቻለሁ። ባለቤቱ ግን አልሰማውም። ምናልባት በሕይወት ሳሉ አንድ ሰው ቢነግራቸው የእድሩ መዝገብ ያዥ የማኅበር ኦዲተር ሆነው ጡረታቸውን ይደጉሙበት ነበር።

በዕድሜ የገፉት ወገኖቻችን ደግሞ ሌላም ምክንያት አላቸው። በደርግ ጊዜ የሕይወት ታሪክ ጻፍ የተባለ ሰው የመደብ ጀርባው እየተመረመረ ነው። በአንድ ቃል የተነሣ ከሥራም ከኑሮም መውጣት ነበር። ያ ትውልድ ስለራሱ ሲጻፍ ማሳጠርን መረጠ፤ ልጆቹንም ያንኑ አስተማረ። ቢሮ ውስጥ ያደገው አማርኛችንም ይህን ጠባይ ያዘ፤ “ተሠርቷል”፣ “ተከናውኗል”፣ “እየታየ ነው” እንላለን። ማን ሠራው? አይታወቅም። ሃያ ዓመት “ተሠርቷል” ሲል የኖረን ሠራተኛ ቃለ መጠይቅ ላይ ድንገት “አንተ ምን ሠራህ?” ብትለው ግራ ገብቶት ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ብዙ ከተጨነቀ “እንደ ክፍል ጥሩ ሠርተናል” ይልሃል።

ይህን ክፍተት ያዩ ሰዎች ሥልጠና ከፍተዋል። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ከሻይና ብስኩት ጋር፣ “ራስህን ፈልግ”፣ “እምቅ ችሎታህን አውጣ”። አንድ ሁለቴ ተጋብዤ ተቀምጫለሁ፤ ከልብ የሚደክሙ አሠልጣኞች አሉ፣ አልዋሽም። ችግሩ መሣሪያው ላይ ነው። ወረቀት አራት ቦታ ይከፈልና ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን፣ መልካም አጋጣሚ፣ ስጋት ተብሎ ሙሉ ይባላል። ይህ ቅጽ የተሠራው ለድርጅት ዕቅድ ነው። ሰው ላይ ሲለካ ሰውዬው ወዲያው ቅጽል ፍለጋ ይገባል፤ ጠንካራ ጎን ላይ “ታማኝ”፣ ደካማ ጎን ላይ “ሥራ ከጀመርኩ ማቆም አልችልም”። ይቺን የመጨረሻዋን መቼም ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም፣ ሁሉም ይሏታል። እኛ ደካማ ጎናችንን የምንናገረው ለነፍስ አባታችን ነው፤ እዚያም ቀነስ አርገን። ለሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ተናገር ሲባል ሰው ምን ያድርግ?

እኔ አሠልጣኝ ብሆን ሰውን ወደ ራሱ ውስጥ አልልከውም ነበር። ወደ ለቅሶ ቤት እልከው ነበር።

አትሳቁ። ለቅሶ ቤት የሰው ችሎታ ያለ ሲቪ የሚደለደልበት ቦታ ነው። ሰው ሞተ በተባለ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰፈሩ ማን ለምን እንደሚሆን ያውቃል። ድንኳን ለማስተከል የሚሮጠው አንዱ ነው፤ ገንዘብ የሚሰጠውና ከነደረሰኙ የሚመለሰው ሌላ ነው። ንፍሮው እንዲበቃ ለቀስተኛውን ዓይቶ የሚገምት አለ። ወጥ ቤት ገብታ አሥር ሴት ሳታስቀይም የምታዝ አለች፤ ይቺ ሴት የምትሠራው ሥራ በሆቴል ቋንቋ ስም አለው፣ ደመወዝም አለው። የሩቅ ዘመድ የሚቀበልና የት እንደሚያድር የሚያውቅ አለ። የሚያለቅስ ሰው አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥ የሚችል አለ፤ ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ብዙዎቻችን ዝም ማለት አቅቶን የማይረባ ነገር እናወራለን።

ከሁሉ የሚገርመኝ መርዶ ነጋሪው ነው። መርዶ ማንም አይነግርም። ሰፈሩ ተመካክሮ ሰው ይመርጣል፤ “እሱ ይሻላል፣ እሱ ያውቅበታል” ይባላል። የተመረጠው ሰው መቼ እንደሚኬድ፣ ከማን ጋር እንደሚኬድ፣ ሴትዮዋ ልብ ሕመም ካለባት ማን ከኋላዋ እንደሚቆም ያስባል። በር ላይ ፊቱ ቀድሞ እንዳይናገር ይጠነቀቃል። ንግግሩ ከሩቅ ይጀምራል፤ ቀስ እያለ ይቀርባል፤ ቃሉን ካወጣ በኋላ ደግሞ አይሸሽም፣ አብሮ ይቆማል። ሐኪሞች ለበሽተኛ ክፉ ዜና እንዴት እንደሚነገር ትምህርት ቤት ይማሩታል። ሰውን ከሥራ የሚቀንስ መሥሪያ ቤት፣ ብድር የከለከለ ባንክ፣ ውጤት የሚናገር ክሊኒክ ይህን ሰው ይፈልገዋል። እሱን ግን “ምን ትችላለህ?” ብትሉት “እኔ እንኳ ምንም ሙያ የለኝም” ነው የሚላችሁ።

ይቺ “ሙያ” የምትባል ቃል ራሷ ጉድ ናት። ለወታደር ጀግንነት ነበረች፤ ሙያ ሠራ ይባላል። ለሴት ደግሞ ወጥና ጠላ ሆነች፤ ባለሙያ ናት ሲባል ማጀቷ ነው የሚታሰበው። ቢሮ ስትገባ ዲፕሎማ ሆነች። ሙያ በልብ ነው እያልን ደግሞ እንዳትነገር አደረግናት። አሁን ሁሉም የሚያነሣት “ክህሎት” ከግእዝ ተወስዳ የመጣች ናት፤ ትርጉሟ መቻል ነው፣ ከሃሊ ከምንለው ጋር አንድ ግንድ ናት። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲያውም የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተብሎ መሥሪያ ቤት ስም ውስጥ ገብታለች። ክፉ አይደለም። ግን እናቴ “ልጄ ክህሎት አለው” ብላ አታውቅም፤ “ልጄ እጁ ይፈታል” ወይም “ነገር ያውቃል” ነው የምትለው። ቃሉ ከሰው አፍ ስላልወጣ ሰው ራሱን በሱ ሲፈልግ አያገኝም።

በዚህ ላይ የእጅን ሥራ የናቅንበት ረጅም ታሪክ አለን። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ሸክላ የምትሠራውን ስም እየሰጠን ስንሰድብ ኖረናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ወደው አይደለም። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ ቀንሷል፤ ንቀቱ ግን መልኩን ቀየረ እንጂ አልሄደም። ዛሬ ስድቡ በባለቤቱ በራሱ አፍ ውስጥ ነው ያለው። የታክሲ ረዳቱን አነጋግሩት። አሥራ ሁለት ሰው ጭኖ፣ ማን ከየት ተሳፈረ፣ ማን ከፈለ፣ ለማን መልስ ቀረ፣ ማን ሊጣላ ተዘጋጅቷል፣ ትራፊኩ የት ቆሟል የሚለውን ባንዴ ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞ ይውላል። ሥራህ ምንድን ነው ስትሉት “ምንም፣ እስከዚያ ረዳት ነኝ” ይላችኋል። ያቺን “እስከዚያ” ልብ በሉ። የሀገራችን ወጣት ግማሹ ሥራው “እስከዚያ” ነው። የተማረውም ቢሆን ያው ነው፤ በ2000ዎቹ ኮብልስቶን ሲጠርቡ ከነበሩ ተመራቂዎች መካከል ድንጋይ መርጦና ለክቶ መጥረብን፣ በማኅበር ተደራጅቶ ሒሳብ ማወራረድን ሲቪው ላይ የጻፈ ስንቱ ነው? ዲግሪውን ጻፈ፤ ጠረባውን ደበቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ሰው ችሎታውን ስላላወቀ ነው ሥራ ያጣው እያልኩ አይደለም። ሥራ የጠፋው ሥራ ስለሌለ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ መቶ ሰው ሲያመለክት ዘጠና ዘጠኙ ራሱን ቢያውቅም ባያውቅም ይመለሳል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ቢሆን ተመራቂውን ይለካል እንጂ ወንበር አይፈጥርም። ለሥራ አጡ “አንተ ራስህን ስላልፈለግህ ነው” የሚሉ አነቃቂ ተናጋሪዎችን እኔ አልወዳቸውም፤ የደረሰበት ላይ ጥፋተኝነት ይጨምሩበታል። የእኔ ነገር ሌላ ነው። ሥራ ባይገኝም እንኳ አንድ ሰው የሠራውን እንዳልሠራ ቆጥሮ መኖር የለበትም ነው የምለው። ያ ዝርፊያ ነው፤ ዘራፊው ባይታወቅም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ከዓረብ ሀገር የሚመለሱት እህቶቻችን ናቸው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. አንሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ዜጎቻችን ተመለሱ። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ደግሞ ቤይሩት ያሉ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቆንስላችን በር ላይ እያወረዷቸው ሄዱ። ከነዚያ አንዷ የጎረቤቴ እህት ናት። ባለፈው ሲቪዋን ይዛ መጣች፤ “ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ፣ አስተማሪ ነበሩ አሉ” ብላ። ቅጹ ያው ያላችሁት ነው። ታታሪ ናት፤ ጫና ትቋቋማለች። የሥራ ልምድ የሚለው ላይ “የለም” ይላል።

“ስምንት ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር ልጄ?”

“ሰው ቤት ነበርኩ።”

አያችሁ፣ ግሥ የለም። ሰው ቤት “ነበረች”፤ እንደ ዕቃ። ተቀምጠን ቀስ እያልኩ ጠየቅኋት። ማዳሟ እናት ነበሯት፤ ስኳር በሽተኛ ናቸው። መርፌውን በሰዓቱ የምትወጋቸው እሷ ናት፤ ስኳራቸውን ለክታ ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ ሐኪሙ የሚጠይቀው ማዳሟን ሳይሆን እሷን ነበር። ሦስት ልጆች አሳድጋለች፤ አንደኛው አፉን ሳይፈታ ቆይቶ ነበርና ከሱ ጋር እየተቀመጠች ቃል ታስደግመው ነበር፤ እሷም ዓረብኛውን ያወቀችው ከሱ ጋር ነው። አሁን ታነባለች ሁሉ። የሃያ ሰው እራት ብቻዋን አውጥታለች። የሁለት ዓመት ደመወዟን ይዘውባት “ነገ፣ ነገ” ሲሏት ቀን ቆጥራ፣ ወረቀት ጽፋ፣ የማዳሟን ወንድም አሸማግላ ግማሹን አስከፍላለች። ይህን የመጨረሻውን ስትነግረኝ እንደ ሐፍረት ቆጥራው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

መንግሥታችን እንኳ ይህን ልምድ በቃል ደረጃ ያውቀዋል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሰው የትም ይማር የት፣ ችሎታው ተመዝኖ የብቃት ማረጋገጫ ሊያገኝ ይችላል ይላል፤ ሲኦሲ የምንለው ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅም ወደ ውጭ የምትሄደዋን ይህንኑ ማረጋገጫ ጠየቀ። ለመሄድ ተመዘኚ ተባለች። ተምራው ስትመለስ ግን ምዘናውን ፈልጋ የምትሄደው ጥቂት ናት፤ የሚመዘን ነገር እንዳላት ስለማታውቅ። ማዕከሉ በር ላይ ደርሳ “ምን ሙያ?” ስትባል “ሰው ቤት ነበርኩ” ብላ የምትመለሰዋን ማን ይቆጥራታል?

እናማ አንድ ወረቀት ላይ የነገረችኝን እንደነገረችኝ ጻፍኩት፤ ወጋሁ፣ ለካሁ፣ አሳደግሁ፣ አስተማርኩ፣ አሸማገልኩ፣ አስከፈልኩ እያልኩ። አንድም ቅጽል አላስገባሁም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብላት መጀመሪያ ሳቀች፤ ኋላ ዝም አለች። “ይኼ ሁሉ እኔ ነኝ?” አላለችም፣ ፊልም ላይ አይደለንም። “ረጅም አልሆነም?” ነው ያለችው።

ማሳተሚያው ቤት አብረን ሄድን። ልጁ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና “እህቴ፣ ይኼ የት ይገባል? ፎርማቱ ላይ ቦታ የለውም፤ የሥራ ልምድ ስር የድርጅት ስም ነው የሚፈልገው” አላት።

“የሴትዮዋን ስም ጻፈው” አለችው።

ጻፈው። “የሥራ መደብ?” አለ ቀና ብሎ። ወደ እኔ አየች፤ እኔ ዝም አልኩ።

“ቤት አስተዳድሬያለሁ በለው።”

“‘የቤት አስተዳዳሪ’ ልበለው? እሱ ያምራል።”

“ተው፣ እንዳልኩህ ጻፈው” አለችውና ሒሳቡን ለመክፈል ቦርሳዋን ከፈተች።